ፊት ለፊት የሚቀመጡት ሰውዬ

አቶ ጂራታ እንደ ዘመኑ የባቡር ወንበር የሚጸየፉት ነገር የለም። ጎረቤቴ ናቸው፤ አቃቂ ውስጥ በር ለበር ነው የምንኖረው። ወጣትነታቸውን የጨረሱት በምድር ባቡር አናጺነት ነው፤ የሦስተኛ ማዕረግ ፉርጎ የእንጨት አግዳሚ ይሠሩ ነበር። ሁለት አግዳሚ ፊት ለፊት ይገጠማል፤ ተሳፋሪው ጉልበት ለጉልበት ተነካክቶ ይቀመጣል። ቂጥ ያቆስላል እንጂ ሰው ከሰው ይተዋወቅበታል። ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ፀሐይቱ ጋር የተዋወቁትም እንዲሁ ነው። የላላ ጣውላ ሊያጠብቁ ተሳፍረው፣ ከፊታቸው የተቀመጠችው ልጅ ሞጆ እስኪደርሱ ሳቀችባቸው።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ሲያወሩ መራራ ነገር የቀመሱ ይመስላሉ። መጀመሪያ ወንበሩ ሁሉ እንደ አውቶቡስ ወደ አንድ አቅጣጫ ዞረ። «የሰው ማጅራት እያየሁ ልሂድ? ያውም ያልታጠበ!» አሉ። ቀጥሎ ከቃሊቲ የሚነሳው የከተማ ባቡር መጣ፤ ወንበሩ ከግድግዳው ጋር ተለጥፎ መሀሉ ለቋሚ ተለቀቀ። ይሄንንስ እኔም አልወደውም። የተቀመጠ ሰው አፍንጫ የሚውለው የቆመ ሰው ቀበቶ ትይዩ ነው። አንድ ቀን አንዱ ጎልማሳ እላዬ ላይ ተንጠልጥሎ ሳምቡሳ ሲበላ ዘይቱ አንገቴ ላይ ጠብ አለ። ይቅርታ እንኳ አላለም፤ አፉን በእጁ ጠረገና ያንኑ እጁን መያዣው ላይ መለሰው።

ባለፈው ጥር ወይዘሮ ፀሐይቱ የዓይን ሞራቸውን ሊያስወግዱ ቀጠሮ ነበራቸው። ከብርሃንና ከጥላ በቀር የሚለዩት የለም። ሰዓቱ ካለፈ ደግሞ እንደገና ወረፋ መጠበቅ ነው። ለገሀር ሊወርዱ ማለዳ ቃሊቲ ላይ ተሳፈሩ። መነሻው ስለሆነ ወንበሩ ባዶ ነበር። አቶ ጂራታ ሚስታቸውን አስቀመጡና፣ ከጎናቸው ያለውን ክፍት ቦታ ትተው ተሻግረው ከፊታቸው ተቀመጡ። ዕድሜ ልካቸውን ባቡር ላይ የተቀመጡት እንዲህ ነው። «ጎን ለጎን የሚቀመጥ የማይተዋወቅ ሰው ነው» ይላሉ።

ሁለት ፌርማታ ሳያልፉ መሀሉ በሰው ተጠቀጠቀ። ከዚያ በኋላ ያዩት በላብ የራሰ ሸሚዝና ፊታቸው ላይ የሚወዛወዝ የሥጋ ፌስታል ብቻ ነው። ደሙ ጉልበታቸው ላይ ይንጠባጠባል፣ የብብቱ ሽታ ትንፋሽ ያሳጥራል። ለገሀር ሲደርስ «ፀሐይቱ፣ ውረጂ!» ብለው ጮሁ። ሰው ገፍቶ አወጣቸው፤ በሩ ተዘጋ። ሚስታቸው ውስጥ ቀሩ።

በሚቀጥለው ባቡር ተከትለው ቀጣዩ ፌርማታ ሜክሲኮ ሲደርሱ ወይዘሮ ፀሐይቱን እዚያው ቆመው አገኟቸው። ናዕማ የምትባል የማያውቋት ሴት እጃቸውን ይዛለች። አቶ ጂራታ በተዉት ቦታ ላይ የተቀመጠችው እሷ ነበረች፤ ወይዘሮ ፀሐይቱ ሲያለቅሱ ሰምታ አብራቸው ወርዳለች።

አቶ ጂራታ ያንን ወንበር የሠራውን ሁሉ መራገም ጀመሩ። ሚስታቸው በልጃቸው ስም ጠርተው አቋረጧቸው።

«የኢፍቱ አባት፣ ወንበሩን ተወው። ፊት ለፊት የሚቀመጡት እኮ ለመተያየት ነው። እኔ ፊትህን ካየሁ ዓመት አልፎኛል። ዛሬ የፈለግሁት እጅህን ነበር።»

ሐኪም ቤት ሲደርሱ ተራቸው አልፏል፤ ከሦስት ወር በኋላ ቀጠሮ ተሰጣቸው። ይሄን የነገሩኝ ራሳቸው አቶ ጂራታ ናቸው። ሲጨርሱ ምራቃቸውን ጢቅ አደረጉና «ራሴን ተጸየፍኩት» አሉኝ።