ከአባቴ ጋር ማትሪክ የተፈተንኩበት ዓመት

አሥራ ሁለተኛ ክፍል የደረስኩት ከአባቴ ጋር እኩል ነው፤ እኔ በቀን፣ እሱ በማታ ትምህርት። አባቴ መቱ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር። በንጉሡ ጊዜ ትምህርቱን አቋርጦ ሥራ ስለያዘ አሥራ ሁለተኛን ሳይጨርስ ቀርቷል። ደርግ ከገባ ጥቂት ዓመታት በኋላ የክፍሉ ኃላፊ ጡረታ ሊወጡ ሲቃረቡ፣ ቦታው የሚሰጠው ደህና የማትሪክ ውጤት ላለው ሰው ነው ተባለ። አባቴ ደግሞ ያቺን ወንበር ሲመኛት ኖሯል።

ለፈተናው የተመዘገበ ዕለት ከቢሮ መጥቶ፣ "ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት ውስጥ አባትና ልጅ የለም። ሁለት ተፈታኞች ነን። እኩል ነን" አለኝ።

"እሺ አባባ።"

"በይ ነጠላ ጫማዬን አቀብይኝ።"

እናቴ ከጓዳ ሆና ሳቀች። መቱ አጠገብ ሁሩሙ የተወለደች ናት፤ ሲገርማት አፏን የሚቀናት ኦሮምኛው ነው። "ማል ጄታ! ምን ትላለህ አንተ ሰው?" አለችው። አባቴ እንዳልሰማ ሆኖ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ቦታ ሁሉ ያዘና እኔን ወደ አልጋው ጫፍ ገፋኝ።

ያን ጊዜ ማትሪክ ማለት የአሥራ ሁለት ዓመት ልፋት በጥቂት ቀን የሚመዘንበት ፈተና ነው። ጥያቄው ከአዲስ አበባ ታሽጎ፣ በፖሊስ ታጅቦ ይመጣል። ጥያቄዎቹ ምርጫ ናቸው፤ የተመረጠው ፊደል በመልስ ወረቀት ላይ በእርሳስ ይጠቆራል፣ ያንን ደግሞ ማሽን ያርመዋል። ለእያንዳንዱ ትምህርት ከኤ እስከ ኤፍ ይሰጣል፤ ኤ አራት ነጥብ፣ ቢ ሦስት እያለ ይወርዳል። በመጨረሻ የተሻሉት አምስት ትምህርቶች ተወስደው አማካዩ ይያዛል። ከአምስቱ ውስጥ እንግሊዝኛና ሒሳብ መኖር አለባቸው ይባል ነበር። አባቴ ይህንን ስሌት ከማናችንም ቀድሞ አጠና።

"አማርኛ ኪሴ ውስጥ ነው" አለ። እውነቱን ነው፤ የቄስ ትምህርት ቤት ያደገ፣ የግማሹን ከተማ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ነበር። "ታሪክና ጂኦግራፊ አያስቸግሩኝም። እንግሊዝኛና ባዮሎጂ እንደምንም ይገፋሉ። እንቅፋቱ ሒሳብ ነው። እሱን አንቺ ታስጠኚኛለሽ፣ እኔ አማርኛ አስጠናሻለሁ።"

ስምምነቱ በጣም ተመቸኝ። አባቴን "ስህተት ነው፣ እንደገና ይሥሩት" ማለት የመሰለ ደስታ በሕይወቴ አላገኘሁም። እሱም በተራው አልማረኝም። አንድ አንቀጽ ጽፌ ሳሳየው መነጽሩን ዝቅ አድርጎ፣ "ይህንን የጻፈው ሰው አማርኛ የት ነው የተማረው?" ይለኛል።

አንድ ቀን ሎጋሪዝም ላይ ደርሰን እርሳሱን ወርውሮ፣ "ይሄ ለመዝገብ ቤት ምን ያደርግልኛል?" አለ።

"ለመዝገብ ቤት ሳይሆን ለማትሪክ ነው።"

"እሱስ ልክ ነሽ" አለና ጎንበስ ብሎ እርሳሱን አነሳ። በፈተናው ሰበብ ከቀበሌ ስብሰባም ፈቃድ ጠየቀ። ሊቀመንበሩ፣ "ጓድ፣ እርስዎ ነዎት ወይስ ልጅዎ ናት የምትፈተነው?" ብለው ደጋግመው ጠይቀው ነው የፈቀዱለት።

የፈተናው ሰሞን መቱ በተፈታኝ ተጨናነቀች። በዙሪያው ካሉ ወረዳዎች የሁሩሙውም የኖፓውም ልጅ ስንቁን ይዞ መጥቶ ዘመድ ያለው ዘመድ ቤት፣ የሌለው በኪራይ አደረ። መቀመጫ የሚደለደለው በስም ቅደም ተከተል ነበርና፣ የእኔና የአባቴ ስም በአንድ ፊደል ስለሚጀምር አንድ ክፍል ደረሰን። እሱ ከእኔ ፊት ተቀመጠ። ቢሮ የሚሄድበትን ኮት ለብሶ፣ ሁለት እርሳስ ደረት ኪሱ ላይ ሰክቶ ሲገባ የክፍሉ ልጆች ፈታኙ መስሏቸው ብድግ አሉ። "ተቀመጡ ልጆቼ" አለና እሱም ተቀመጠ።

እውነተኛው ፈታኝ ከሌላ ከተማ የመጣ ወጣት አስተማሪ ነው። ሁላችንንም "አንተ" "አንቺ" እያለ ሲቆጣ አባቴ ጋ ሲደርስ ግራ ይገባዋል። አባቴ ዘወር ብሎ እኔን ሲያይ፣ "ተፈታኝ... ጋሼ... እባክዎ ወደ ፊትዎ ይመልከቱ" አለው።

"ልጄ ናት፣ እርሳስ ይዛ እንደሆነ ልይ ብዬ ነው።"

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እኔ ጠረጴዛው ሥር መግባት ቀረኝ።

ሒሳቡ በሰላም አለፈ። ጉዱ የመጣው በአማርኛ ፈተና ነው። ገና ወረቀቱ እንደተሰጠ አባቴ እጁን አወጣ።

"ይሄ ጥያቄ ከአራቱም ውስጥ መልስ የለውም" አለ።

"ጋሼ፣ የሚቀርበውን ያጥቁሩ።"

"የሚቀርበውን ስህተት?"

"አዎ... ማለቴ... እንደመሰለዎት።"

አባቴ ራሱን እየነቀነቀ ወደ ወረቀቱ ተመለሰ። ትከሻው ግን ከፈተና አውጪዎቹ ጋር እየተሟገተ እንደሆነ ይናገር ነበር።

ቤት ገብተን ምሳ ስንበላ በኩራት አወራ። "መልስ የሌላቸውን ጥያቄዎች ዘልያቸዋለሁ። ስህተት በእጄ አላጠቁርም።"

ያን ጊዜ አንድ ነገር ሽው አለኝ። "አባባ፣ የዘለሏቸውን ቁጥሮች መልስ ወረቀቱም ላይ ዘለሏቸው?"

ጉርሻው አፉ ደጃፍ ላይ ቆመ። "መልስ ወረቀቱ ላይ?"

"አሥረኛውን ከዘለሉ አሥራ አንደኛውን በአሥራ አንድ ቁጥር ላይ ነው የሚያጠቁሩት። አሥርን ባዶ ካልተዉት ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ በሌላ ጥያቄ ቁጥር ላይ ይውላል።"

አባቴ ጉርሻውን ሰሐኑ ላይ መለሰው። እናቴ ነገሩ ባይገባትም ፊቱን አይታ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔም ልስቅ ነበር፣ ዓይኑን ሳየው ግን ተውኩት። ከሰዓት ለታሪክ ፈተና ሲነሳ ኮቱን እንኳ አልቆለፈም።

ውጤቱ እስኪመጣ ክረምቱን በሙሉ ጠበቅን። የተለጠፈ ዕለት ዝናቡ ያወርደዋል። አባቴ ጃንጥላውን ይዞ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመና፣ "ግቢና አንብቢው፣ እኔ ከሕዝብ ጋር አልጋፋም" አለኝ። ተጋፍቼ የሁለታችንንም አነበብኩ። ተመልሼ ስመጣ ጃንጥላውን ዘቅዝቆት፣ ራሱን ዝናብ እየመታው ነው።

"አልፈናል!" አልኩት። "አማካይዎ ለወንበሩ ይበቃል። ሒሳብ ቢ አምጥተዋል፤ እኔ ራሴ ሲ ነኝ።"

"አማርኛ?"

"ታሪክ ኤ ነው፣ ጂኦግራፊም..."

"አማርኛ ነው ያልኩሽ።"

"ዲ። ግን ከአምስቱ ውስጥ አልገባም፣ ስድስተኛ ሆኖ ወድቋል።"

የዝናቡን ውሃ ከፊቱ ላይ በእጁ ጠረገ። ቀጥሎ፣ "ያንቺስ?" አለኝ።

"ኤ።"

"ማን አስጠናሽ?"

"እርስዎ ነዎት።"

"እንግዲያው ኤው የእኔ ነው፤ ዲው የማሽኑ" አለና ጃንጥላውን አቃንቶ እኔንም አስገባኝ።

ወንበሩን አገኘ። እኔም በዚያው ዓመት መምህራን ማሠልጠኛ ገባሁ። መሄጃዬ ሲደርስ እናቴ ልብሴን እያጣጠፈች፣ ከመሠረተ ትምህርት ወዲህ ደብተር ይዛ የማታውቀው እናቴ፣ "እኔም የማታ ልጀምር ነው" አለች። ቀልድ መስሎኝ ነበር። ለዕረፍት ስመለስ ጠረጴዛው በእናቴ ደብተሮች ተይዟል፤ አባቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሽንኩርት ይልጣል።