ባሌን በቁሙ ያለቀስኩበት ፊልም

ትናንት ረፋድ ላይ... ባሌን በቁሙ አለቀስኩት። ፈልጌ አይደለም፣ ስሙኝማ።

ከአዲስ አበባ የመጡ ልጆች እዚህ ደብረ ታቦር ፊልም እየሠሩ ነው። አንድ የድሮ ወፍራም ልብ ወለድ አለ አሉ፣ እሱን ነው ወደ ፊልም የሚለውጡት። እኔ መጽሐፉን አላነበብኩትም፤ ስምንተኛ ክፍል ስጨርስ ነው የተዳርኩት። ዳይሬክተሩ ግን ሆሊውድ ድሮ ትልልቅ መጻሕፍትን እንዴት ፊልም እንዳደረገ ሲያወራ ቢውል አይጠግብም። እዚያ አቧራው ሳይቀር የእውነት ነበር ይላል።

መጽሐፉ ውስጥ ትልቅ ለቅሶ አለና የሰፈራችንን ሴቶች ጠሩን። ባሌ አያሌው ባሕር ዳር ሆስፒታል ተኝቶ ቀዶ ሕክምና እየጠበቀ ነው፣ ወንድሙ አብሮት አለ። ቤት ቁጭ ብዬ ከምብሰለሰል ብዬ ሄድኩ። ደግሞ ሙሾ ላይ የሚደርስብኝ የለም።

በእኛ አገር የሟች ልብስ ተይዞ ነው የሚለቀሰው። ልጆቹ ያመጡት ጋቢ ግን ከሱቅ የወጣ አዲስ ነው። ዳይሬክተሩ «ይሄን ሰው ለብሶት አያውቅም፣ ያስታውቃል» አለ። እኔ ቀልቃላዋ... ሮጥ ብዬ የአያሌውን ጋቢና ባርኔጣ ይዤ መጣሁ።

ጎረቤቴ ዘነቡ «አንቺ፣ ሰውዬው ሳይሞት ልብሱን አወጣሽው?» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።

ስልካችንን በዘንቢል ሰበሰቡና ከአስፋልቱ ዳር ሜዳው ላይ አቆሙን። ካሜራዋ ራቅ ብላ ከዛፍ ሥር ናት፣ ከመንገድ አትታይም። ጋቢውን ከፍ አድርጌ ጀመርኩ። አፌ የፊልሙን ሟች ይጠራል፣ ልቤ ባሕር ዳር ነው... እንባው ከየት እንደመጣ አላውቅም። ዳይሬክተሩ «እንደገና» ይላል። እንደገና። አምስት ጊዜ አለቀስኩ።

ከሰዓት በኋላ ስድስተኛውን ልንጀምር ስንል ከአንበሳሜ የመጣ ሚኒባስ ቆመ። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሰዎች ደረታቸውን እየመቱ ወረዱ። ከፊት ያሉት የባሌ ታላቅ እህት፣ እትዬ ጥሩወርቅ ናቸው።

እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ዘመድ ተሰብስቦ መጥቶ ነው። ሳያቸው ከሆስፒታል ሰምተው ሊያረዱኝ መጡ አልኩ። እሳቸው ደግሞ ጋቢውን እጄ ላይ ሲያዩ ራሳቸውን መሬት ጣሉ። ተቃቅፈን አለቀስን። ማንም ማንንም አልጠየቀም።

ከኋላዬ ዳይሬክተሩ ካሜራ የያዘውን ልጅ «እንዳታቆም» ሲለው ሰማሁ።

ቆይተው እትዬ ጥሩወርቅ ጆሮዬ ሥር «መቼ አረፈ? ለኔ እንኳ ሰው አትልኪም?» አሉኝ።

ከትከሻቸው ቀና አልኩ። «እርስዎ አይደሉም እንዴ የሰሙት?»

ለካ ረፋድ ላይ በሚኒባስ ያለፈች ጎረቤታቸው ናት፣ ጋቢውን ይዤ ደረቴን ስደቃ አይታ የነገረቻቸው።

ወደ ዘንቢሉ ሮጥኩ። ስልኬ ላይ ከባሌ ወንድም ሰባት ጥሪ... ደወልኩ። ያነሳው ራሱ አያሌው ነው።

«የት ጠፋሽ? ነገ ጠዋት ኦፕራሲዮን ትገባለህ ብለውኛል» አለኝ። ድምፅሽ ምን ሆነ ቢለኝ ጉንፋን ነው አልኩት።

ዘነቡና ሌሎቹ እፎይ ብለው መሳሳቅ ጀመሩ። እትዬ ጥሩወርቅ ግን አልሳቁም፣ ነጠላቸውንም አላቀኑም። ዳይሬክተሩን ጠርተው «ልጄ፣ ያነሳኸውን አጥፋው። ወንድሜ ነገ ቢላ ሥር ይተኛል፣ ለቅሶው ቀድሞት እንዳይጠብቀው» አሉት።

ዳይሬክተሩ ለመናቸው። ከፊልሙ ሁሉ እንደዚያ ያለ አልተገኘም፣ በሆሊውድም አይገኝም አለ። እሳቸው ካልጠፋ አልነሳም ብለው እዚያው ሜዳው ላይ ተቀመጡ። እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

ይሄን የምጽፍላችሁ ባሕር ዳር፣ ከኦፕራሲዮን ክፍሉ በር ላይ ሆኜ ነው። ሐኪሙ ሁለት ሰዓት ይፈጃል ነበር ያለን። አያሌው ከገባ አራት ሰዓት አለፈው...

ዳይሬክተሩ አጥፍቼዋለሁ ብሎ በማርያም ምሎልናል። ሲምል ግን ካሜራዋን ደረቱ ላይ ለጥፎ ይዟት ነበር።