በሲ የሚጀምረው ኮድ

በኬንያ በኩል ባለችው ሞያሌ በስደት ከገባሁ ጀምሮ የምተዳደረው በመካኒክነት ነው። ስካነር የገዛሁት ግን በቅርቡ ነው። የመኪናውን ኮምፒውተር ያነብና ብልሽቱን በኮድ ያወጣዋል። ትርጉሙን ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ከስልኬ እያነበብኩ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ኮዱ በእንግሊዝኛው ፊደል በፒ ከጀመረ ሞተር ወይም ካምቢዮ ነው። በቢ ከጀመረ እንደ ኤርባግ ያለ የቦዲ ዕቃ፣ በሲ ከጀመረ ፍሬንና መሪ። በዩ ከጀመረ ደግሞ ኮምፒውተሮቹ እርስ በርስ መነጋገር አቁመዋል ማለት ነው።

ከደንበኞቼ ሁሉ የሚቀርበኝ ኦቦ ከምትባል መንደር ሞያሌ ድረስ ሰው የሚያመላልስ የማታቱ፣ የሚኒባስ ታክሲ፣ ሾፌር ነበር። የቦረና ልጅ ነው፤ አማርኛ የለመደው ከነጋዴ ጋር ሲከራከር ነው። አንድ ጠዋት የኤቢኤስ መብራት በርቶበት መጣ። ስካነሩን ሰካሁት፤ በሲ የሚጀምር ኮድ ወጣ።

«የፊት ግራ ጎማ ሴንሰር ነው» አልኩት። «ኤቢኤሱ አይሠራም። ድንገት ፍሬን ስትረግጥ ጎማው ይቆለፍና መኪናዋ ትንሸራተትብሃለች።»

«ፉንዲ፣ አሁን ፍሬኑ ይይዛል አይይዝም?» አለኝ። እዚህ መካኒክን ፉንዲ ይሉታል።

«መያዙንስ ይይዛል፣ ግን...»

«በቃ መብራቱን አጥፋልኝ። ተሳፋሪ እያየው ይፈራል።»

ሴንሰሩ ሞያሌ አይገኝም። ከናይሮቢ እስኪመጣ አቁማት ልለው ይገባ ነበር። አላልኩትም፤ ኮዱን ደመሰስኩት። መብራቱ ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ በራ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ሳይጠይቀኝ ስካነሩን ሰክቼ አጠፋሁለት።

ዝናብ የጣለ ዕለት ግመል ድንገት መንገድ ገባበት። ፍሬን ሲረግጥ መኪናዋ በጭቃው ላይ ተንሸራታ ተገለበጠች። ተሳፋሪዎቹ ተረፉ። እሱ ግን ወገቡ ተሰበረ፤ ከዚያ ወዲህ በእግሩ አልቆመም።

ልጠይቀው ቤቱ ስሄድ ሚስቱ ወንበር አቀረበችልኝ። «ወንድሜ፣ ፍሬኑን ሠርተህለት ነበር አይደል? ፉንዲ አስተካክሎልኛል ብሎኝ ነበር» አለችኝ። ዞሬ አየሁት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«አዎ» አልኳት።

ኤቢኤሱ ቢሠራ ኖሮ በዚያ ጭቃ መኪናዋ ትቆም ነበር ወይ? አላውቅም። ያን ቀን ከወጣሁ በኋላ ተመልሼ እሱ ቤት አልሄድኩም።

አሁን በሲ የሚጀምር ኮድ ሲወጣ አልደመስስም እላለሁ። ሾፌሮቹ አይከራከሩኝም። ከእኔ ወረድ ብሎ ስካነር ያለው ሌላ ጋራዥ አለ። ከሰዓት በኋላ ያው መኪና ሰው ሞልቶ፣ መብራቱ ጠፍቶ በደጄ ያልፋል።