ክትክታ ወይስ ሰንበሌጥ

ሥራህ ምንድን ነው ተብዬ ስጠየቅ መልሱ ይቸግረኛል። ሶዶ ውስጥ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ስሠራ ቆይቼ ነው ወደዚህ የገባሁት። ስለ ዕፅዋት ያስተማረኝ ሰው የለም። ቅጠል እየቀጠፍኩ በአሮጌ ጋዜጣ መሃል አደርቅ ነበር፤ ከዚያ ስልኬ ላይ ካወረድኳቸው መጻሕፍት ሥዕሎች ጋር አስተያየው ነበር። የቅጠሉ ጠርዝ እንደ መጋዝ ጥርስ ያለው ይሁን ለስላሳ፣ ፍሬው ክንፍ ይኑረው አይኑረው፣ እርግጠኛ እስክሆን ድረስ አንዱን ተክል ሳምንት ሙሉ አልለቀውም ነበር። በኋላ የዞኑን የተፈጥሮ ዕፅዋት የሚመዘግብ ቡድን መጥቶ አገሩን የሚያውቅ ረዳት ሲፈልግ ተቀጠርኩ።

ሥራው ለአንድ ቦታ ስም ማውጣት ነው። ተዳፋቱን ወይም ረግረጉን እናያለን፤ ከበቀለው ሁሉ የበዛው የትኛው እንደሆነ እንለካለን፤ አፈሩንና ውሃውን እንመዘግባለን። በመጨረሻ «በድንጋያማ ተዳፋት ላይ ያለ የክትክታ ቁጥቋጦ» ወይም «ውሃ በሚተኛበት ሜዳ ላይ ያለ ቄጠማ» ተብሎ ይጻፋል። ቃላቱ ልክ ሆነው ሲገጥሙ ደስ ይለኛል። አሁንም ደስ ይለኛል፤ ይህንን መደበቅ አልችልም።

የአባቴ ታላቅ ወንድም የሚኖሩት ከሶዶ ወደ ጉኑኖ በሚወስደው መንገድ ነው። ከሚኒባስ ከተወረደ በኋላ በእርሻ መሃል አቀበት አለ። አባቴ ገና ሕፃን ሳለሁ ስለሞተ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። «አዋ» ነው የምላቸው፣ በወላይትኛ አባት ማለት ነው። ባለቤታቸውን ደግሞ «አዬ» እላቸዋለሁ፣ እናቴ ማለት ነው።

ከመንደሩ በላይ ያለው ተዳፋት የአንድ ሰው አይደለም። ክረምቱ ሲያበቃ ሰንበሌጡ ከሰው ቁመት ያልፋል፤ ሲደርቅ መንደርተኛው በደቦ ያጭደዋል። ዱሮ ሁሉም የሚያጭደው ለቤቱ ክዳን ነበር። አሁን ሌላው ቤት ሁሉ ቆርቆሮ ስለሆነ ሣሩ ለከብት ነው የሚሄደው፤ ለክዳን የሚፈልጉት አዋ ብቻ ነበሩ። ቤታቸው አባታቸው ያቆሙት ትልቅ ክብ የሣር ቤት ነው። ክዳኑ አርጅቶ ከብቶቹ በሚያድሩበት በኩል ማፍሰስ ጀምሮ ነበር። «ዘንድሮ አለብሰዋለሁ» ይሉ ነበር፣ ለልጅ ልብስ እንደሚገዛ ሰው።

ተዳፋቱን እንድንለካ የታዘዝነው ያን ዓመት ነው።

በሰንበሌጡ መሃል ክትክታ ገብቶ ነበር። ቅጠሉ የሚያብረቀርቅ፣ ሲነካ የሚጣበቅ ቁጥቋጦ ነው። ሕጋችን ቀላል ነው፦ የቁጥቋጦው ጥላ የመሬቱን ሲሶ ከሸፈነ ቦታው በቁጥቋጦው ይጠራል፤ ካልሸፈነ በሣሩ ይጠራል። ከታች ያለው ሣር ምንም ያህል ቢበዛ የላይኛው ነው ስሙን የሚወስደው። ሜትር ዘርግተን ጥላው የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ለካን። ከሲሶ በጥቂቱ አለፈ። አለቃችን፣ ከሌላ አገር የመጣች ጠንቃቃ ሴት፣ ውጤቱ ድንበር ላይ ስለሆነ ተመልሰን ዳግም እንለካለን አለች።

ስሙ ተራ ስም አልነበረም። ከተዳፋቱ ሥር ቦረቦር እየሰፋ የታችኞቹን ገበሬዎች ማሳ እየበላ ነበር። ቁጥቋጦ ተብሎ የተጠራ ተዳፋት ይከለላል፣ ችግኝ ይተከልበታል፤ ችግኙ እስኪጸና ሣሩም አይታጨድም። ሣር ተብሎ የተጠራው እንደነበረ ለመንደሩ ይቀራል።

ያን ቀን ለምሳ አዋ ቤት ገባሁ። አዬ የበቆሎ ቂጣ በጎመን አቀረቡ።

«ከማለዳ ጀምሮ ሜትር ስትጎትቱ ነበር አሉ» አሉ አዋ። «መሬት ሊሸጥ ነው ብሎ ሰው ተሸብሯል።»

«አይሸጥም። ስም ልናወጣለት ነው።»

አዬ ሳቁ። «ስንት ዘመን ስንጠራው ኖረን አሁን ገና ስም ሊወጣለት?»

«የኛው ስም ምን እንደበቀለበት የሚናገር ነው፣ አዬ።»

«ሰንበሌጥ ነዋ!» አሉ አዋ። «ይሄ ሜትር ያስፈልገዋል?»

ክትክታውን ነገርኳቸው። ስለ መከለሉም ነገርኳቸው። ማኘካቸውን አቆሙ።

«የምትጽፈው አንተ ነህ?»

«እኔ እለካለሁ፣ አለቃዬ ትጽፋለች።»

«እንግዲያ ሰንበሌጥ በላታ።»

«ያላየሁትን አልልም፣ አዋ።»

«ያላየኸውን በል መች ወጣኝ? ሰንበሌጥ አላየህም?»

አዬ በሳቅ ፈነዱ፣ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ቂጣውን ወደ ራሴ ሳብ አድርጌ ጎመኑን እዚህም እዚያም በተንሁበት። ቂጣው መሬት ነው፣ ጎመኑ የክትክታ ጥላ ነው አልኩ። በጣቴ መስመር አሰመርኩና በመስመሩ ላይ ጎመን የነካውንና ያልነካውን አሳየኋቸው። አዬ «ምሳዬን ተራራ አደረገው» እያሉ ተቆጡ። አዋ ግን ጎንበስ ብለው አዩ።

«ሜትሩ ያላለፈበት ጎመን አይቆጠርም ማለት ነው?»

«አይቆጠርም። መስመሩ የቀረውን ይወክላል።»

«ከሲሶ ከጎደለስ?»

«በሣሩ ይጠራል።»

«መስመሩ በየት በኩል ነው?»

«ከነጩ ድንጋይ ተነስቶ ዋንዛዋ ድረስ።»

ለምን ነገርኳቸው? ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ስለ ሥራዬ ከልቡ የጠየቀኝ ሰው ስላልነበረ ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት ሳለሁ የደረቀ ቅጠሌን ያየ ሁሉ መድኃኒተኛ ነህ ወይ እያለ ይቀልድብኝ ነበር። አዋ ፊደል አልቆጠሩም፤ ግን አለቃዬ ለእኔ ለማስረዳት ብዙ ያወራችበትን ነገር በአንድ ቂጣ ላይ ገባቸው። በደስታ ተሞልቼ ነበር የወጣሁት። ለምን እንደጠየቁኝ አላሰብኩም።

ለዳግም ልኬታ የተመለስን ቀን የቀበሌው ጥበቃ አብሮን ወጣ። ሜትር የያዘ ሰው ሁሉ ለእሱ ኢንጂነር ነው። ነጩ ድንጋይ ጋ ሳንደርስ ሽታው መጣ። ክትክታ ሲቆረጥ እንደ ሙጫ የሚከረክር ሽታ አለው። ከድንጋዩ እስከ ዋንዛዋ፣ ልክ በመስመራችን ላይ፣ ክትክታው ተቆርጧል። ከመስመሩ ግራና ቀኝ ያለው እንዳለ ቆሟል። ጉቶዎቹ አፈር ለብሰዋል፤ በላያቸው ሰንበሌጥ ተጎንብሷል።

አለቃችን መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ ፊቷ ተለወጠ።

«ሰፋ አድርጎ እንኳ አልቆረጠም! ልክ በሜትራችን ሥር!»

«ኢንጂነር፣ ይሄ የማገዶ ሌባ አይደለም» አለ ጥበቃው። «የማገዶ ሌባ ወፍራሙን ነው የሚመርጠው። ይሄ ሰውዬ ቀጭኑንም አልማረው።»

ተንበርክኬ ከአንዱ ጉቶ ላይ አፈሩን ጠረግሁ። የአዋ ቀኝ እጅ በልጅነታቸው ተሰብሮ በደንብ ስላልተቃና የሚቆርጡት በግራ ነው። የጉቶው የተቆረጠ ፊት ሌላ ሰው ከሚቆርጠው በተቃራኒ ያዘነብላል። በልጅነቴ እንጨት ሲፈልጡ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ያደግሁ ነኝ፤ አልሳሳትም። አፈሩን መልሼ አለበስኩት።

«አንተ የዚህ አገር ልጅ ነህ» አለችኝ አለቃችን። «ማን ሊሆን ይችላል?»

«አላውቅም» አልኩ።

ለአንድ አፍታ ያዳንኳቸው መሰለኝ። እሷ ደግሞ እርሳሷን ጆሮዋ ላይ ሰካችና ተነፈሰች። «በቃ፣ ዘንድሮ ይህ ቦታ አይለካም። ‹ያልተወሰነ› ብለን እንለፈው፤ በሚመጣው ዓመት እናየዋለን።»

ያልተወሰነ ማለት ተዳፋቱ እንዳለ ይቆያል ማለት ነው። ሰንበሌጡ ይታጨዳል፣ ቤቱ ይለብሳል። ዝም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ።

«ከፍ ብለን ሌላ ትይዩ መስመር ብንዘረጋ ይሆናል» አልኩ። «ያልተነካ ነው። አፈሩም ያው ነው።»

አስቤ አልተናገርኩትም ብል ውሸት ይሆናል። አስቤበታለሁ፤ ያሰብኩት ግን መስመሩን ነው። ያልተወሰነ የሚለው ቃል ጥርሴ ውስጥ እንደገባ አሸዋ ሆኖብኝ ነበር። አለቃችን ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ። «ጎበዝ! ለዚህ ነው የምወድህ» አለች።

ሜትሩን ራሴ ያዝኩ። የላይኛው መስመር ላይ ጥላው ከሲሶ በደንብ አለፈ። የክትክታ ቁጥቋጦ ተብሎ ተጻፈ። ስሙ ትክክል ነበር፤ ዛሬም ብጠየቅ ያንኑ ነው የምለው።

እኛ ስንለካ ጥበቃው ቅርንጫፎቹ የተጎተቱበትን ዱካ ተከትሎ ወረደ። ዱካው አዋ አጥር ጋ አበቃ። ክትክታው እንሰቱ ሥር ተቆልሎ ቅጠሉ ገና አልጠወለገም ነበር።

በማግስቱ የመንደሩ ሰው ቀበሌው ግቢ ተሰበሰበ። አዋ የስብሰባ ኮታቸውን ለብሰው መጡ። ሊቀመንበሩ አስቁሟቸው ጠየቃቸው። አልካዱም።

«እኔ ነኝ የቆረጥኩት።»

ከኋላ አንዱ «ሽማግሌው ተራራ ሊላጩ ነው!» አለና ሰው ሁሉ ሳቀ። ያ ሰውዬ የቤታቸው ጎረቤት ነው።

«ኢንጂነሮቹ በየት እንደሚለኩ ማን ነገረዎት?» አለ ሊቀመንበሩ።

እኔ በሩ ጋ ቆሜያለሁ፤ የተጠቀለለው ሜትር እጄ ላይ ነው። አዋ ወደ እኔ ዞር አላሉም።

«ዓይን የለኝም እንዴ? ሲለኩ አየሁ።»

«ሲሶ የሚባለውንስ?»

«ሲሶ ለእኔ ይጠፋኛል? የሰው መሬት በሲሶ አርሼ አይደል ያደግሁት?»

ሰው እንደገና ሳቀ፤ ይኸኛው ሳቅ ግን ቀለል ያለ ነበር። በቆረጡበት ቦታ ሁሉ ችግኝ እንዲተክሉና ውሃ እንዲያጠጡ ተወሰነባቸው። በዚያ ዕድሜ፣ በዚያ እጅ። «እኔ ነኝ የነገርኳቸው» ለማለት አራት ቃል አይሞላም ነበር። አፌን ከፍቼም ነበር። አለቃችን አጠገቤ ቆማ ነበርና ዘጋሁት።

ሰንበሌጡ ያን ዓመት ሳይታጨድ ቆሞ ደረቀ፣ ተሰባብሮም ወደቀ። ክብ ቤት ቆርቆሮ አይቀበልም፤ ስለዚህ አዋ ቤታቸውን አፈረሱት። ምሰሶዎቹን መርጠው በዚያው ቦታ ትንሽ ባለ አራት ማዕዘን ቤት አቆሙ። ከቆርቆሮው ግማሹን ከሶዶ ገዝቼ ያስጫንኩት እኔ ነኝ። ሲያወርዱት አዋ በሁለት እጃቸው እጄን ይዘው «ተባረክ» አሉኝ። ዛሬም ስለ አንድ ቦታ ስም ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ስጨቃጨቅ የሚመጣብኝ ያ «ተባረክ» ነው።

የበልጉ ዝናብ ሲጀምር ቤታቸው ሄድኩ። አዋ ከችግኞቹ ገና መመለሳቸው ነበር፤ ባልዲው በር ላይ ነው፣ ጉልበታቸው ድረስ ጭቃ። መስመሩን የነገርኳቸው እኔ መሆኔ በእኔና በእሳቸው መካከል አንድም ቀን ተነስቶ አያውቅም። ያን ቀን ላነሳው ቆርጬ ነበር የመጣሁት። ተቀመጥን፤ አዬ ምግብ አቀረቡ።

«አሁን ደግሞ የት ናችሁ?» አሉኝ አዋ።

«ዳሞታ ተራራ ላይ።»

«እዚያስ ምን በዝቶ አገኛችሁት?»

አውቅ ነበር። ከአናቱ በታች አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ የት ላይ እንደሚያልቅ፣ ቢጫ አበባ ያለው አምጃ ከየትኛው ቋጥኝ በታች እንደሚጀምር፣ በመካከል ሁለቱ ተቀላቅለው የቱ እንደሚበልጥ ለመወሰን ሦስቴ እንደወጣሁ፣ ሁሉም ምላሴ ላይ ነበር። እሳቸውም እጃቸውን ከምግቡ አንስተው ይጠብቁኝ ነበር።

«ያው ነው፣ አዋ» አልኩ። «ሣርና ቁጥቋጦ ነው።»

አዩኝ። እንደዚያ ዓይነት መልስ ከእኔ ሰምተው አያውቁም።

«ደክሞሃል» አሉ ቀስ ብለው። «ብላ።»

ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። አልደከመኝም ነበር። ላነሳው የመጣሁትን ሳላነሳ ጎንበስ ብዬ በላሁ፤ እሳቸውም ከዚያ በኋላ ስለ ሥራዬ አልጠየቁኝም።