በዘፈን ቴአትሩ ያለቀሱ ሽማግሌ

የተጋቡበትን ቀን ማክበር ከአውሮፓ ዩኒቨርሲቲ ያመጣሁት ጉድ ነው። ባለቤቴን ጥላነሽን ቀኑን ሙሉ ደብረ ማርቆስን ሳዞራት ውዬ ጣሊያኖች የዘፈን ቴአትር ወደሚያሳዩበት አዳራሽ አስገባኋት። ከጎናችን አንድ ሽማግሌ ጭቃ የነካ እግራቸውን ወንበር ሥር ደብቀው ተቀምጠዋል። መድረክ ላይ ዘፋኟ ስትሞት ብድግ ብለው፣ ነጠላቸውን እንደ ለቀስተኛ አዘቅዝቀው ደረታቸውን ይደቁ ጀመር።

መዝገብ ጠባቂ ነኝና ስሕተት አይቼ አላልፍም። «አባቴ፣ ጨዋታ ነው እኮ፤ አልሞተችም» አልኋቸው።

«መቼ ጠፋኝ ጌታው?» አሉ በሹክሹክታ። «ጣሊያኖች ልጄን ሰቅለው ልቅሶ ከለከሉኝ። እዚህ ማን ይከለክለኛል?»

ጥላነሽ ነጠላዋን አዘቀዘቀች። እኔም እነሱው የገደሉትን ወንድሜን አላለቀስሁትም ነበር፤ ክራባት እንዴት እንደሚዘቀዘቅ ግን ዩኒቨርሲቲ አላስተማሩኝም። ዘፋኟ ተነሥታ እጅ ስትነሣን ሦስታችንም ገና እናለቅስ ነበር።