የአባ ግድግዳ አሟሟት

መምህርት የኔአለም በሕይወቷ ሰው የገደለችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እሱም ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ደብረ ማርቆስ ውስጥ በተከራየቻት ክፍል፣ የሽምብራ ቆሎ የተሞላ ሰሃን ከፊቷ ተቀምጦ ሳለ ነው። ሟቹ አባ ግድግዳ ይባላል። የጨዋታ ሰው ስለሆነ ሥጋና ደም የለውም፤ ቁመቱም፣ ጋሻውም፣ ችሎታውም በአንዲት የደብተር ቅጠል ላይ የተጻፈ ነው። ይሁን እንጂ የኔአለም ከዚያ ቀን በኋላ ለሦስት ሳምንት እንቅልፍ በቅጡ አልወሰዳትም።

የይጁቤ ልጅ ናት። ሒሳብ ማስተማር ከጀመረች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ጨዋታውን የለመደችው ዩኒቨርሲቲ ሳለች ከመኝታ ክፍል ጓደኛዋ ነው። አንዱ ተራኪም ዳኛም ይሆናል፤ ስለ ዘንዶ፣ ስለ ዋሻ፣ ስለ ጠፋ ከተማ ያወራል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ፈጥረው «እኔ እንዲህ አደርጋለሁ» ይላሉ፤ የሚሳካና የማይሳካውን ዳይስ፣ ቁጥር የተጻፈበት የሚጣል ጠጠር፣ ይለየዋል። እያንዳንዱ ሰው በቁጥር የተለካ ነፍስ አለው፤ ቁስሉ ነፍሱን ከጨረሰው ይሞታል። ወደ ደብረ ማርቆስ ስትመደብ የሚጫወት ሰው ስላጣች፣ ሕጉን በሁለት ክረምት ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ መልሳ በእጇ ጻፈችው። ከዚያ ሦስት ሰው አገኘች።

አንደኛዋ ሂዊ ናት፤ ከሐዋሳ ተመድባ የመጣች የባንክ ሠራተኛ። ሁለተኛው አንተነህ የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው። ሦስተኛው ሮብ ገበያ ጤና ጣቢያ የሚሠራው ጤና መኮንን ጌታሰው ነው። ጌታሰው ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ ወርዶ፣ ጃኬቱን ሳያወልቅ ቁጭ ብሎ፣ «እሺ፣ አባ ግድግዳ መጥቷል» ይላል። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ስሙን ሳይጠራ ጨዋታ ጀምሮ አያውቅም።

በዚያች ቅዳሜ ግን ጌታሰው ሲገባ ዝም ብሎ ነበር የተቀመጠው። የኔአለም ደክሞት ነው ብላ አለፈችው።

በጨዋታው ሦስቱ ጓደኛሞች ዋሻ ውስጥ ከዘንዶ ጋር ገጠሙ። ዘንዶው የአንተነህን ሰው፣ ቀጭኑ የሚባለውን ሌባ፣ በጅራቱ ሊመታው ተነሣ። የኔአለም ዳይሱን ጣለች፤ አሥራ ሁለት ቁስል ወጣ። ቀጭኑ የቀረው ነፍስ አምስት ብቻ ነበር።

«እኔ አለሁ!» አለች ሂዊ። የሷ ሰው ዝናቧ የምትባል አስማተኛ ናት። «የዝናቧ ችሎታ ቁስልን ለሁላችን እኩል ማካፈል ነው። አሥራ ሁለት ለሦስት፣ አራት አራት።»

«ቆይ፣ አባ ግድግዳም ጋሻ ይሆናል» አለ ጌታሰው። «ከፊቱ እቆማለሁ። ዱላው እኔ ላይ ይረፍ፣ ከዚያ ተካፈሉኝ።»

የኔአለም ወረቀቷን አየች። የጋሻው ችሎታ በሷው እጅ ጽሑፍ «ባልንጀራው ሲቆስል ቁስሉን ወስዶ ይሸከማል» ይላል። ሲቆስል። እንግዲህ መጀመሪያ ቁስሉ መኖር አለበት አለች በልቧ። ሂዊ ቀድማ ስለተናገረች ማካፈሉ ይቅደም፤ ሦስቱም አራት አራት ይቁሰሉ። ከዚያ አባ ግድግዳ የሁለቱን ቁስል ይወስዳል፤ የራሱ አራት በስምንቱ ላይ ሲጨመር አሥራ ሁለት። የአባ ግድግዳ ነፍስ አሥራ አንድ ነበረች።

«ሞተ» አለች።

«እንዴት ይሞታል?» አለ ጌታሰው። «ሁለት ሰው ሊረዳ ተነሥቶ፣ ሁለቱ ተረዳድተው እንዴት ከማንም የባሰ ነገር ይወጣል? ዱላው ሳያርፍ እኮ ነው ከፊቱ የምቆመው!»

«ሕጉ ይወስዳል ነው የሚለው ጌታሰው። እኔ ምን ላድርግ?»

ጌታሰው ወረቀቱን አጠፈ። በኪሱ አልከተተውም፤ ጠረጴዛው ላይ ትቶት ተነሣ። «መኪና ያመልጠኛል» አለ፤ መኪናው ሊነሣ ግን ገና አንድ ሰዓት ተኩል ይቀረው ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጣም። በሁለተኛውም ቀረ። ስትደውል ስልኩ አይሠራም። እንደ ድሮው ቢሆን ኢንተርኔት ከፍታ፣ በሌላ አገር ያሉ ተጫዋቾች ይህን ጉዳይ እንዴት እንደሚፈቱት ታይ ነበር፤ በዚያ ሰሞን ግን ኢንተርኔት ከተቋረጠ ወራት አልፎታል። ሂዊ «ይብላኝልሽ፣ ጨዋታ ነው» አለቻት። አንተነህ ግን የመዝገብ ሰው ስለሆነ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበና «እንደተጻፈው ከሆነ ፍርድሽ ልክ ነው» አለ። ቀጥሎም፣ «አጻጻፉ ልክ መሆኑን ግን በምን አወቅሽ?» ሲል ጠየቃት።

ይህችኛዋ ጥያቄ ልቧ ውስጥ ገባች። የእንግሊዝኛው ሕግ ይጁቤ፣ እናቷ ቤት፣ ከዩኒቨርሲቲ በተመለሰችበት ሻንጣ ውስጥ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ዓርብ፣ የጠዋት ክፍለ ጊዜዋን ጨርሳ ሄደች።

እናቷ ወይዘሮ ሥራነሽ በር ላይ ሲያዩዋት ደነገጡ። «ምነው የኔዬ? በደኅና ነው?»

«በደኅና ነው እማዬ። ሻንጣዬን ፈልጌ ነው። አንድ ሰው አላግባብ ገድዬ…»

«ምን አልሽ?»

«የወረቀት ሰው ነው! የጨዋታ ነው እማዬ።»

ወይዘሮ ሥራነሽ ደረታቸውን ይዘው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ነገሩን በዝርዝር እስክታስረዳቸው ድረስም ወደ ውስጥ አላሳለፏትም። ሰምተው ሲጨርሱ፣ «ታዲያ ከፊት የሚቆም ሰው ከተመቱ በኋላ መጥቶ ምን ያደርጋል?» አሉ። «ያ ጋሻ ሳይሆን አስታማሚ ነው።»

ሻንጣው ከማሽላው ጆንያ ጀርባ ተገኘ። ወረቀቶቹን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ በጣቷ እየተከተለች አነበበች። የጋሻው ችሎታ ሦስተኛው ገጽ ላይ ነበር፤ እንግሊዝኛው ያለው «ባልንጀራው ሊመታ ሲል» ነው። ሊመታ ሲል እንጂ ሲቆስል አይደለም። ያኔ ስትተረጉም ደክሟት ይሁን ቸኩላ፣ የሁለት ቃል ነገር ነው ያጠፋችው።

እዚያው እስክሪብቶ አውጥታ ሁሉንም ችሎታዎች በቅደም ተከተል አስተካክላ ጻፈች። መጀመሪያ ዱላው የሚያርፈው በማን ላይ ነው? ጋሻ የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። ቀጥሎ ቁስሉ ስንት ነው? ጥሩር፣ የብረት ልብሱ፣ የሚቀንሰው እዚህ ነው። መጨረሻ ላይ ቁስሉን ማን ይካፈላል? ማካፈል የሚመጣው እዚህ ነው። አንድ ችሎታ ደግሞ ለአንድ ዱላ አንዴ ብቻ ይሠራል። በዚህ ስትሄድ ዘንዶው የመታው አባ ግድግዳን ሆነ፤ አሥራ ሁለቱ ለሦስት ተካፈለ፤ አራት አራት። አባ ግድግዳ ሰባት ነፍስ ቀረው፣ ዝናቧ ሁለት፣ ቀጭኑ አንድ። ሦስቱም በሕይወት አሉ! ደግማ ደመረችው፤ ሒሳብ አስተማሪ ሆና ሦስት ጊዜ ደመረችው። ከዚያ ብቻዋን ሣቀች፤ እናቷም ምክንያቱን ሳይጠይቁ አብረዋት ሣቁ።

ማታውኑ ወደ ደብረ ማርቆስ ተመልሳ፣ በማግስቱ ቅዳሜ በጠዋት የሮብ ገበያ ሚኒባስ ተሳፈረች። ሽቅብ ሲወጡ ብርዱ በመስኮቱ ይገባል፤ ከመንገዱ ግራና ቀኝ የገብስና የድንች ማሳ ነው። ምን እንደምትለው እያሰበች መጣች። «ይቅርታ» የሚለውን ቀድማ ትበለው ወይስ ሕጉን ቀድማ ታስረዳው? ደግሞስ አሁን ምን ያደርግልኛል ቢላትስ?

ጤና ጣቢያው ስትደርስ ጌታሰው ጋዋኑን እንደለበሰ ከማዋለጃው ክፍል ወጣ። ዐይኑ ቀልቷል፤ ጢሙ አድጓል። ሲያያት ቆመ።

«የኔአለም? ማን ታመመብሽ?»

ያሰበችው ሁሉ ጠፋባት። «አባ ግድግዳ አልሞተም» አለችው። «እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። አተረጓጎሜ ነው። ሊመታ ሲል ነው የሚለው።»

 ጌታሰው ግድግዳውን ተደግፎ እስኪያስለው ድረስ ሣቀ። «ለዚህ ነው ቾቄ ተራራ ሥር ድረስ የመጣሽው?»

«ተቀይመኸኝ ቀረህ ብዬ ነዋ!»

«ተናድጄ ነበር፤ አልዋሽሽም። ግን ሮብ ገበያ ሳልደርስ በረደልኝ። የቀረሁት ባልደረባዬ የዓመት ፈቃድ ወጥታ ብቻዬን ስለሆንኩ ነው። መብራት ከሄደ ደግሞ አሥራ ስድስት ቀኑ ነው፤ ስልኬን የት ልሙላው?»

አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ወረቀቱን ሰጠችው፤ ቅደም ተከተሉን በጣቱ እየተከተለ አነበበው።

«የዚያን ቀን» አለ ዐይኑን ከወረቀቱ ሳያነሣ፣ «ከዚያ በፊት ባለው ሐሙስ አንዲት ወላድ ወደ ማርቆስ ሆስፒታል ልኬያት መንገድ ላይ ሞታብኝ ነበር። ያደረግሁት ሁሉ ትክክል ነበር፤ መርፌውም፣ ግሉኮሱም፣ መኪናውም። ሁሉ ትክክል ሆኖ ሞተች። ቅዳሜ አንቺ ‹ሞተ› ስትይኝ፣ እዚህም ደግሞ? አልኩ። ከአንቺ ጋር አልነበረም ጠቤ።»

«ለምን አልነገርከንም?»

«ለመርሳት አይደል የመጣሁት።»

እጁን ያዘችው። ከማዋለጃው ክፍል የሕፃን ልቅሶ ተሰማ። ጌታሰው ጆሮውን አቅንቶ አዳመጠና ትከሻው ወረድ አለ። «የዛሬ ጠዋቷ ሕፃን ናት። ስድስት ሰዓት አስጨንቃን በሰላም ወጣች። እናቲቱም ደኅና ናት፤ ገንፎ አምጡልኝ እያለች ነው።»

ወዲያው ወረቀቱን ወደሷ መለሰና፣ «እና ስንት ነፍስ ቀረኝ?» አላት።

«ሰባት።»

«ሰባት!» አለ፣ እንደ ትልቅ ሀብት። «ባልደረባዬ ሰኞ ሳምንት ትመለሳለች። ከዚያ በኋላ ባለው ቅዳሜ እመጣለሁ። ዘንዶውን አስቀምጡልኝ፤ ያለ እኔ እንዳትነኩት።»

«ማን ይነካዋል!»

መናኸሪያው አጠገብ ትኩስ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ ገዝታ፣ ቆማ በላች። ዓርብ እናቷ ቤት ከበላችው ምሳ ወዲህ እህል እንዳልቀመሰች ያስታወሰችው ሁለተኛውን ስትልጥ ነው። ሚኒባሱ ሲሞላ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች። አጠገቧ ዶሮ የታቀፉ እናት ነበሩ፤ ስለ ድንች ዋጋ ያጫውቷት ጀመር። የመጀመሪያውን ወሬ ሳይጨርሱ እንቅልፍ ይዟት ሄደ። ደብረ ማርቆስ ሲገቡ ትከሻዋን ነካ አደረጓት፤ «ልጄ፣ ደርሰናል» አሏት፣ «ደግሞ እንዴት ያለ እንቅልፍ ነው የተኛሽው!»