ድንጋዩን ማን አነሳልሽ?

መጀመሪያ ያየሁት ግድግዳውን ነው። እስከ ወገብ ድረስ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል፤ ከዚያ በላይ የሰው ስም፣ ስልክ ቁጥርና ጸሎት በሚስማር ተጭሮበታል። ክፍሉ ሦስት እርምጃ በአራት ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ የድሬዳዋን ፀሐይ የሚያውቅ ሰው ቀሪውን መገመት አያቅተውም። ከቢጫው ጀሪካን አጠገብ አንዲት ሴት ጫማዋን ተንተርሳ ተጋድማ ነበር። ሳትነሳ እግሯን ሰብሰብ አድርጋ ቦታ ለቀቀችልኝ።

"ግቢ አባዮ፣ ቤትሽ ነው" አለችኝ። አባዮ በሶማልኛ እህቴ ማለት ነው።

ቀፊራ ገበያ ልብስ የምትነግድ ሴት ናት። ለምን እንደታሰረች ስጠይቃት "ወንድሜን ሲያጡት እኔን ወሰዱ" አለችኝ። እኔም ከዚያ በላይ አልጠየቅኩም።

የእኔ ነገር ትንሽ ያስቃል። የሥነ ሕይወት መምህርት ነኝ፤ የማጠናውም ጊንጥ ነው። አንድ ባልደረባችን ታስሮ ፍርድ ቤት ሳይቀርብ ሲቆይ፣ በመምህራን ስብሰባ ላይ ተነስቼ "ለምን?" ብዬ ጠየቅኩ። አጠገቤ የነበረው ሰው ወንበሩን ቀስ አድርጎ ሲያርቅ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ያኔውኑ ገባኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ጊንጥ ፍለጋ ከሄድኩበት ከጀልዴሳ ገጠር ስመለስ ኬላ ላይ ከሚኒባስ አወረዱኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ክዳኑ የተበሳሳ የፕላስቲክ ብልቃጥ፣ ብልቃጡ ውስጥ አንድ ነፍስ ያለው ጊንጥ፣ ከሥሩ ደግሞ የማስታወሻ ደብተሬ ነበር። ጊንጡን አይተው ሳቁ። ደብተሩን ሲገልጡ ግን ሳቁ ቆመ። "መልካ ጀብዱ 14። ዋሂል 14። ጀልዴሳ 11፣ 12" ይላል። ጊዜው ደግሞ የቦታ ስምና ቁጥር አንድ ላይ ጽፎ የተገኘ ሰው በሰላም የማይታይበት ጊዜ ነበር።

የምተርከው ስለ ሦስተኛው ቀን ነው።

ጠዋት መርማሪው አስጠራኝ። ወጣት ነው፤ አነጋገሩ የድሬ ልጅ መሆኑን ያስታውቃል። ብልቃጡ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ "ማስረጃ" የሚል ወረቀት ለጥፈውበታል። ጊንጡ ጥቁር ነው፣ ጭራው ወፍራም፤ እንዲህ ያለው ክፉኛ ይናደፋል። ሦስት ቀን ሳይበላ ቢቆይም ምንም አልሆነም።

"እነዚህ ስንት ሰዎች ናቸው?" አለኝ ደብተሩን በጣቱ እየመታ።

"ሰዎች አይደሉም። የጊንጥ ክሮሞሶም ቁጥር ነው።"

"አቦ መምህር! እኛም እኮ ተምረናል። የሰው ክሮሞሶም አርባ ስድስት ነው። መልካ ጀብዱ ያለው ሰው አርባ ስድስት፣ ጀልዴሳ ያለውም አርባ ስድስት። አይደለም?"

"ነው።"

"ታዲያ አንድ ዓይነት ጊንጥ እዚህ አስራ አራት፣ እዚያ አስራ አንድ እንዴት ይሆናል? ሲዋሹ እንኳ አንድ ቁጥር ይያዛል።"

በጣም ተናደድኩ። የተናደድኩት ጥያቄው ትክክል ስለነበረ ነው። እኔም ዓመታት ማይክሮስኮፕ ላይ ያጎነበስኩት ይህንኑ ለመመለስ ነው። ቁጥሮቹ አንድ ቢሆኑ ኖሮ ያምነኝ ነበር፤ እኔም ያን ሁሉ አልደክምም ነበር።

ተማሪ ቤት እንደማደርገው አስረዳሁት። "ክሮሞሶም ዘር የሚተላለፍበት ክር ነው። የብዙው እንስሳ ክሮሞሶም እጀታ እንዳለው ባልዲ በአንድ ቦታ ብቻ ነው የሚጎተተው። ሲሰበር እጀታ የሌለው ቁራጭ ወድቆ ይቀራል። የዚህ ጊንጥ ግን ዙሪያውን ሰዎች እንደያዙት ብርድ ልብስ ነው። ለሁለት ቢቀደድም ሁለቱንም የሚይዝ እጅ አይጠፋም። ቁራጩ ሳይጠፋ ለልጅ ይተላለፋል፣ ቁጥሩ ይጨምራል። ሁለቱ ሲጣበቁ ደግሞ ይቀንሳል። ጊንጡ ከላይ ሲያዩት ያው ነው።"

"ከዚያስ?"

"ከብዙ ትውልድ በኋላ እነዚህና እነዚያ መዋለድ ሊያቅታቸው ይችላል። ያኔ ሌላ ዝርያ ሆኑ ማለት ነው። የማጠናው ያ መለያየት ጀልዴሳ ላይ ጀምሮ እንደሆነ ነው።"

ከዚህ ሁሉ "መለያየት" የምትለዋን ቃል ብቻ ጻፈ። ከዚያ እስክሪብቶውን አስቀምጦ ወደ ኋላ ተደገፈ።

"እሺ፣ ጊንጥ ነው እንበል። ድንጋዩን ማን አነሳልሽ?"

ዓይኔን ወደ ብልቃጡ መለስኩ።

"ጀልዴሳ ሄጄ አውቃለሁ። እንግዳ ሴት ብቻዋን ገብታ ድንጋይ ስትፈነቅል አትውልም። ስሙን ጻፊ። መጥቶ ይመስክርልሽ፤ ጊንጥ ነው ካለ ማታ ቤትሽ ነሽ። ባትጽፊ ግን ቁጥሮቹ ሰዎች ናቸው ብዬ ነው የማስተላልፈው። እስከ ምሳ አስቢበት።" ወደ በሩ እያየ ጨመረ፦ "አባትሽ ከጠዋት ጀምሮ ውጪ ናቸው። ፀሐዩን ታውቂዋለሽ።"

ድንጋዩን ያነሱልኝ አንድ አዛውንት ናቸው። አደር ነው የምላቸው፣ በሶማልኛ አጎቴ እንደማለት ነው። ግመል ያረባሉ። ጊንጥ የትኛው ድንጋይ ሥር እንደሚውል ያውቃሉ፤ በበትራቸው ጫፍ ወገቡን ጫን ያደርጉና መንደፊያውን ከሥሩ በሁለት ጣት ይይዙታል። እኔ ነፍስ ያለው ጊንጥ በእጄ ነክቼ አላውቅም። ወደ ቤተ ሙከራ ሲመጡልኝ መጀመሪያ በረዶ ውስጥ አደንዝዣቸው ነው የምነካቸው። ይህን ለተማሪዎቼም ነግሬያቸው አላውቅም፤ አፍራለሁ።

ወደ ክፍሉ ስመለስ የአባቴ ምሳ ዕቃ ገብቶ ነበር። አባቴ ከምድር ባቡር ጡረታ የወጣ ሰው ነው። እናቴ ካረፈች ወዲህ የሚያበስለው እሱ ነው፣ ሩዙም ሁልጊዜ ከታች ያረረ ነው። ያረረውን ሩዝ ሳይ ማልቀስ ጀመርኩ። እውነቱን ልናገር፦ የአደርን ስም ልጽፍ ወስኜ ነበር። ያጠፉት ነገር የለም፣ መጥተው አንድ ቃል ተናግረው ይመለሳሉ ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር።

ለሴትዮዋ ነገርኳት። ሩዙን እየጎረሰች ሰማችኝ።

"ወንድሜን መጀመሪያ ለምን እንደጠሩት ታውቂያለሽ?" አለችኝ።

"ለምን?"

"ለምስክር። ወላሂ፣ ለምስክር ብቻ ነው ያሉት። አርባ ቀን አስቀምጠው ለቀቁት፤ ወጥቶ በአንድ ጆሮው አይሰማም። ሁለተኛ ሲጠሩት ጠፋ።" ጣቷን ላሰች። "ያንቺ ሰውዬ ስንት ዓመታቸው ነው?"

"ሰባ ያልፋቸዋል።"

"ዝም አይነቅዝም፣ አባዮ" አለችና ምሳ ዕቃውን ወደ እኔ ገፋችው።

ከምሳ በኋላ ከተማው ጫት ላይ ስለሚቀመጥ ጣቢያው እንኳ ጸጥ ይላል። የባጃጅ ድምፅ ሳይቀር ጠፍቶ ነበር። መርማሪው አንድ ወረቀት አዘጋጅቶ ጠበቀኝ።

"ስሙን።"

"ማንም አልነበረም። ድንጋዩን ያነሳሁት እኔ ነኝ።"

"ጊንጡንስ?"

"እኔ ነኝ የያዝኩት።"

እጆቼን አየ። ከዚያ ብልቃጡን በአንድ ጣት ወደ እኔ ገፋው።

"እስቲ ያዢልኝ።"

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚባለው ለካ ለእኔ ነው። ድምፄን አስተካክዬ "ወረቀቶችህን አንሳ" አልኩት። አነሳቸው። እስክሪብቶውን ተቀበልኩት፣ ክዳኑን ከፈትኩ፣ ብልቃጡን በጎኑ አስተኛሁት።

ለጥቂት ጊዜ ምንም አልወጣም። ከዚያ መቆንጠጫዎቹ፣ ቀጥሎ ገላው፣ መጨረሻ ላይ ጭራውን ወደ ላይ አቁሞ ወጣ። መርማሪው ወንበሩን ወደ ኋላ ሳበ። ጊንጡ ወደ እሱ ነበር የሚሄደው። በእስክሪብቶው ጫፍ ወገቡን ጫን አድርጌ ግራ እጄን ሰደድኩ። አደር እንዴት እንደሚይዙት መቶ ጊዜ አይቻለሁ። ማየትና መያዝ ግን አንድ አይደሉም፤ አንድ አንጓ ዝቅ ብዬ ነው የያዝኩት። ጭራው ታጥፎ አውራ ጣቴ ላይ ገባ።

እሳት ነው። ሌላ ቃል የለኝም። ከጣቴ ተነስቶ ብብቴ ደረሰ። ብለቀው አለቀ፣ ብጮህም አለቀ። አልለቀቅኩትም፣ አልጮህኩም። ወደ ላይ አንስቼ መርማሪው ፊት ለፊት አቆየሁት፤ እሱ በቃሽ እስኪለኝ ድረስ ልቆይ ፈለግኩ።

"በቃ! በቃ መልሺው!"

መለስኩት። ክዳኑን ገጠምኩ። ግራ እጄን በድሪያ ቀሚሴ እጥፋት ውስጥ ደበቅኩ።

"አልነደፈሽም?"

"ለምዶኛል።"

ወረቀቱን ሰጠኝ። ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየለቀምኩ ጻፍኩ፦ "ቁጥሮቹ የጊንጥ ክሮሞሶም ቁጥሮች ናቸው። ጀልዴሳ ላይ አስራ አንድም አለ፣ አስራ ሁለትም አለ፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው። ከእኔ ጋር ማንም አልነበረም።" ፈረምኩ። እስክሪብቶውን መለስኩለትና ቀስ ብዬ ወጣሁ። በኮሪደሩ መስኮት በኩል አባቴን አየሁት። ጋዜጣ ራሱ ላይ አድርጎ ቆሟል። አላየኝም፤ እንዳያየኝም ተመኝቼ ነበር።

የክፍሉ በር ከኋላዬ ሲዘጋ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ላቤ ይወርዳል፣ ምራቄ ይዝረከረካል፣ ምላሴም መተሳሰር ጀምሯል። ሴትዮዋ እጄን ገልጣ አየችና ወደ በሩ ልትጮህ ተነሳች። ቀሚሷን ያዝኩት።

"አትጥሪ። መነደፌን ካወቁ አዛውንቱን ይፈልጓቸዋል።"

"ብትሞቺስ?"

"ብሞት ያኔ ትጠሪያለሽ።"

በሶማልኛ ረገመችኝ። ከዚያ ራሴን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ሻሿን በጀሪካኑ ውሃ እየነከረች ፊቴን ስትጠርግ፣ ቁርአን ስትቀራብኝ ዋለች። የመጠጫ ውሃችን በሙሉ በእኔ ላይ አለቀ። አመሻሽ ላይ የመግሪብ አዛን ሲሰማ ምላሴ ተፈታ። የመጀመሪያ ቃሌ ይቅርታ ነበር፣ ስለ ውሃው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ያለ ክስ "ሂጂ" ተባልኩ። ደብተሬ አልተመለሰም። ሴትዮዋን እዚያው ትቻት ወጣሁ፤ ቀፊራ ስሄድ ሱቋን አያለሁ፣ እስካሁን እንደተዘጋ ነው። ይህን በጽሑፍ ለማውጣት የቆየሁትም በእሷ ምክንያት ነው። እኔ አንድ ከሰዓት ደፈርኩ፤ እሷ ግን በየቀኑ እዚያ ነበረች።

በሥራዬ የሐሰት ቁጥር ጽፌ አላውቅም። የሐሰት ዓረፍተ ነገር ግን አንድ አለኝ። ስሜ ከሥሩ ተፈርሞበት የሆነ መዝገብ ቤት ተቀምጧል፤ ከጻፍኩት ሁሉ ፈጽሞ የማልጸጸትበት እሱ ነው።

ቁጥሮቹን ከአንድ ጀምሬ እንደገና እየሰበሰብኩ ነው። ባለፈው ወር ጀልዴሳ ነበርኩ። አደር ደህና ናቸው፤ ጉልበታቸው ትንሽ አስቸግሯቸዋል። ማንም መጥቶ ጠይቋቸው አያውቅም፤ የት ጠፍቼ እንደነበር ሲጠይቁኝም ሥራ በዝቶብኝ ነው አልኳቸው። አንድ ትልቅ ድንጋይ በበትራቸው ፈንቅለው ሲያነሱ ከሥሩ ጥቁር፣ ጭራው ወፍራም ጊንጥ ወጣ። ክንዳቸውን ፊት ለፊቴ ዘረጉ።

"ወደ ኋላ በይ፣ ይነድፍሻል" አሉኝ።

ወደ ኋላ አልኩ።